ጠጋ በል የማይባለው ዲስክ

በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቃችሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ሀ ይሁን ሐ፣ ሰ ይሁን ሠ ግራ ሲገባኝ ቶሎ የሚጻፈውን መርጬ አልፋለሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ቤታችን የሚወራው ሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛዬን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከባጃጅ ሾፌሮች ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። የቱ ከየት እንደመጣ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ። ደግሞ የምጽፈው የቁጥር መመዝገቢያ በነበረ ደብተር ቀሪ ገጾች ላይ ስለሆነ መስመሩ ጠባብ ነው። እንዲህም ሆኖ ጽሑፌን አትናቁት። በምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ዶክተሯ ራሳቸው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ስለ እጅ ጽሑፌ ተናግረዋል። ምን እንዳሉ እደርስበታለሁ።

እኔ የምለው፣ በዚህ በሀዋሳ ከተማ «ሞልቷል» የተባለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባጃጅ ሦስት ሰው ይጭናል ይባላል። አራተኛው ሲመጣ ሾፌሩ ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር «ጠጋ በሉለት!» ይላል። አምስተኛው ከሾፌሩ ጎን፣ ግማሹ ወንበር ላይ ግማሹ አየር ላይ ሆኖ ይሄዳል። ስድስተኛዋ ልጅ ያዘለች እናት ከሆነች ደግሞ ልጁን አንዳችን ተቀብለን እናቅፍላታለን፤ ጨዋ ሰዎች ነን። ሠርግ አይሞላም። ለቅሶ ቤት አይሞላም። የእናቴ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከገጠር ዘመድ ሲመጣ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር መቼ እንደሚሞላ ቀድሞ ማሰብ ልማዳችን አይደለም። ለምን ብለን እናስባለን? ሲሞላ ጠጋ እንላለን።

ዲስክ ግን ጠጋ አይልም።

ይህን ያስተማረኝ ኢንጂነር ሳምሶን ነው። ፊት ለፊቱ ስሆን «እርስዎ» ነው የምለው፤ «አንተ በይኝ እንጂ፣ ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላኝም» እያለ ቢለምነኝም ምላሴ እሺ አይለኝም። እዚህ ደብተር ላይ ግን ስለማይሰማኝ «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ። እኔን ለጽዳት ሥራ ያስቀጠረኝ እሱ ነው። እናቴ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ እየገፈፈች ትሸጣለች፤ እሱ ደንበኛዋ ነበር። እኔ ከእናቴ ኋላ ተቀምጬ ቅርፊት ስፈቀፍቅ አይቶ «ይህች ልጅ አትናገርም እንዴ?» አላት። «እጇ ነው የሚናገረው» አለችው እናቴ። በሳምንቱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ክሊኒክ ባልዲና መወልወያ ተረከብኩ።

የክሊኒኩ ኮሪደር መጨረሻ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በጋ ከክረምት ትበርዳለች፤ ኤሲው ሌት ተቀን ይጮኻል። ውስጧ ሰርቨሩ አለ። ትንሽ ፍሪጅ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው፤ አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል እንጂ ሌላ ሲሠራ አታዩትም። ነገር ግን የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ምርመራ ውጤት፣ ሁሉም የሚገባው እዚያ ነው። ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ዶክተሯ አዲስ የራጅ ማሽን ስላስገቡ፣ የራጅ ሥዕሎቹም እዚያው ይከማቻሉ። ስም ቦታ አይፈጅም፤ አንድ የጉልበት ራጅ ግን የአንድ ቀበሌ ሰው ስም የሚያህል ቦታ ይይዛል ይለኛል ኢንጂነሩ።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ይኸው ዲስክ አንድ ሰኞ ጠዋት ሞልቶ ነበር አሉ። ሲሞላ ምንም አይፈስም፣ ምንም አይጮኽም። ዝም ነው የሚለው። ካርድ ክፍል ስም ሲጽፉ አልቀበልም አለ፤ ላቦራቶሪው ውጤት ሲልክ አልቀበልም አለ። በሽተኛው እስከ ከሰዓት ወንበር ላይ ሲያዛጋ ቆይቶ ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄደ። የዚያን ቀን ዶክተሯ ለኢንጂነሩ የተናገሩትን እስካሁን ሁሉም በቃሉ ይደግመዋል፦ «ሳምሶን፣ ሁለተኛ እንዲህ ካደረግኸኝ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ዲስኩ ከአዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። መቼ እንደሚሞላ ቀድመህ አስበህ፣ እኔ ሳልጠይቅህ፣ እማየው ቦታ ላይ ጻፍልኝ።»

እንግዲህ በጠባቧ ክፍል በር ላይ ነጭ ሰሌዳ የተሰቀለው ለዚህ ነው። የእኔም ደብተር የተገዛው ለዚህ ነው። ኢንጂነሩ ሦስት ቦታ ስለሚሠራ እኛ ጋ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። በየቀኑ የዲስኩን ነገር ወደ ስልኩ የሚልክ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። «ማርታ ግን አትጠፋም» ብሎ፣ ጠዋት ወለሉን ስወለውል ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር በደብተር እንድገለብጥ አደረገኝ። ይቀራል የሚለውን ቁጥር። ትናንት ይህን ያህል ቀርቶ ነበር፣ ዛሬ ይህን ያህል ቀርቷል፤ ልዩነቱ በአንድ ቀን የሞላው ነው። በቃ ይኸው ነው። የመጀመሪያ ሰሞን አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ እያየሁ ነበር የምጽፈው፤ እየቆየሁ ወደድኩት። የሰውን ገላ ሳልነካ ክሊኒኩ ስንት ሰው እንዳከመ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ዓርብ ኢንጂነሩ ደብተሬን ገለጠ፤ ማስመሪያም አወጣ። የየቀኑን ቁጥር በወረቀት ላይ በነጠብጣብ አስቀመጠና በነጠብጣቦቹ ላይ መስመር አሰመረ። መስመሩ እንደ ፒያሳ መንገድ ቀጥ ያለ ነበር።

«ይኸውልሽ ማርቲ» አለኝ ደስ እያለው፤ «በቀን ሁለት ጊጋ፣ በቀን ሁለት ጊጋ። ከኅዳር ጀምሮ አልተነቃነቀም። ሰው ይዋሻል፣ መስመር አይዋሽም። በዚህ አካሄድ መቼ ይሞላል መሰለሽ? ሰኔ ሦስት!»

አንድ ነገር ልለው አፌን ከፈትኩ። አልኩትም። ግን የእኔ ድምፅ ከኤሲው ድምፅ ጋር ሲታገል ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ኤሲው ነው።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ወጣና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «የሚሞላው ሰኔ 3። መታዘዝ ያለበት ግንቦት 3።» ከዚያ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ ሌላኛው ሥራው ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስወለውል የሰሌዳው ጽሑፍ ከበሩ አቧራ ጋር አብሮ ሄደ። እርጥብ ጨርቅ ምሕረት የለውም። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም፤ ማርከሩ እዚያው በክር ተንጠልጥሏል። መልሼ ጻፍኩበት፦ «የሚሞላው ሚያዝያ 3። መታዘዝ ያለበት መጋቢት 3።»

ሰዓት አልሞላውም፤ ዶክተሯ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው አነበቡት። ነሐሴን ያልረሱ ሰው ናቸው። «መጋቢት? መጋቢትን አልጠብቅም!» አሉና እዚያው እንደ ቆሙ ስልክ ደውለው ዲስኩን አዘዙ።

ማክሰኞ ኢንጂነሩ ሲመጣ ዶክተሯ በፈገግታ ተቀበሉት። «ጎበዝ! እንዲህ ነው ሥራ። አዝዣለሁ» አሉት። እሱ ምን እንደታዘዘ ስላልገባው አብሮ ፈገግ አለ። ከዚያ ሰሌዳውን አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ ከባልዲዬ ኋላ ሆኜ አየሁት።

«ይሄ የኔ ጽሑፍ አይደለም» አለ። ዞር ብሎ ፈለገኝ። «ማርቲ?»

ጫማዬን አየሁ። «በሩን ስወለውል ጠፋ። መልሼ ጻፍኩት።»

«እና ሰኔ ሚያዝያ ሆነ?»

«ሆነ» አልኩ።

ሳቁ መጣበት፤ ወዲያው ደግሞ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን የዋህ ነው፤ ቀጥ ብሎ ዶክተሯ ቢሮ ገባ። እኔም በአጋጣሚ የዚያን ቢሮ ደጃፍ መወልወል ነበረብኝ፤ ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

«ዶክተር፣ ትክክለኛው ሰኔ ነው። ልጅቷ ሰሌዳውን ስታጸዳ ጠፍቶባት ተሳስታ ነው የጻፈችው።»

«ዲስኩን አዝዣለሁ እኮ ሳምሶን!»

«ይቅርታ ዶክተር።»

ከዚያ ዶክተሯ ጮክ ሳይሉ ተናገሩ፤ ጮክ ቢሉ ይሻል ነበር። «እኔ የማውቀው በሩ ላይ የተጻፈውን ነው። ሚያዝያ መጥቶ አሮጌው ዲስክ ግማሽ ባዶ ሆኖ ካገኘሁት፣ ያለ ጊዜው ዕቃ አስገዝተኸኛል ማለት ነው። ያኔ ሰሌዳውን ለጽዳት ልጅ የማይተው ሰው እቀጥራለሁ።»

ኢንጂነሩ ሲወጣ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣኝም። ሰሌዳውን እንደገና አየና «አይዞሽ። ፊደልሽ እንኳ ከኔ ይሻላል» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ከቅርፊት መፈቅፈቅ አውጥቶ ሥራ ያስያዘኝ ሰው እንጀራው እኔ በጻፍኩት ቀን ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ቀን በኋላ የማለዳውን ቁጥር የምገለብጠው እንደ ጽዳት ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነበር። ሁለት ጊጋ። ሁለት ጊጋ። ሁለት። የየካቲቱ ሁዳዴ ሲገባማ ጭራሽ ባሰበት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ክሊኒኩ ጭር አለ፣ ቁጥሩ አንድ ተኩል ሆነ። ኢንጂነሩ ነጠብጣቧን መስመሩ ላይ አስቀምጦ «እንዲያውም ሰኔን አልፎ ሐምሌ ሊገባ ነው» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅሁም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አሞራ ገደል ወረድኩ። እናቴ ባዶ ጣውላዋን ታጥባለች። ዓሣ ለቃሚዎቹ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ትከሻቸውን ሰብቀው እንደ ጡረተኛ ዳኞች ተሰልፈው ቆመዋል።

«ዓሣ የለም?» አልኳት።

«ነፋሱ ጀልባ አላስወጣ አለ። ሦስት ቀኑ።»

«ነገስ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለዓሣ እንዲህ የምትጨነቂው? ሽታውን ጠልተሽ አይደል የሄድሽው?»

አባ ኮዳዎቹ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። እነሱም እኔም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር።

ለምን ዓሣ እንደምጠብቅ ከሀዋሳ ያልሆናችሁ ላይገባችሁ ይችላል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የእኔ አይደለም፤ እኛ ቤት ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ክርክሩን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው የሚበሉት ሲበሉ ነው። ሁዳዴ ላይ ከሥጋ የተጣላ ሆድ ሁሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ደግሞ ሥጋው የሚጣፍጠውን ያህል አጥንቱ ተንኮለኛ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የበላው እንደ ዘር እየለቀመ ያወጣዋል፣ ከደጋ የመጣው መምህርና ነጋዴ ግን እንደ ጥብስ ጎረስ ያደርገዋል። እናቴ በዚህ ወቅት ሁለት ዓይነት ደንበኛ አላት፤ ዓሣ የሚፈልግና ሙዝ የሚፈልግ። ሙዙ አጥንቱን ለመግፋት ነው። ሙዙ እምቢ ሲል ወደ እኛ ክሊኒክ የሚወስድ ባጃጅ ይጠራል።

ስለዚህ ያን ማታ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ሆይ፣ ነፋሱን አብርደው፣ መረቡን ሙላው አልኩ። እዚህ ድረስ ያለው ጸሎት ሐዋርያትም የጸለዩት ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን አፍሬ በልቤ ነው ያልኩት፤ የክሊኒክ ሠራተኛ ሆኜ የሰው ጉሮሮ እንዲወጋ መለመኔ ነበር። ትንሽ ብቻ ይውጋቸው፣ እንዲወጣላቸውም አድርግ ብዬ ጨመርኩበት።

ነፋሱ በረደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አራት የዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ባጃጅ ክሊኒኩ መጡ። አንደኛው አንገቱን ይዞ አፉን እንደ ዓሣው ከፍቷል። የራጁ ባለሙያ ሀብታሙ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።

«ዓሣ ነው?»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ ይግባ። እናንተ ውጭ ጠብቁ።»

«የለም፣ እኛንም እየን» አለ አንዱ።

«እናንተም ዋጣችሁ?»

«እርግጠኛ አይደለንም። ግን ከአንድ ትሪ ነው የበላነው።»

«እና?»

«እና ምኑ ይታወቃል ወንድሜ! የሱ ከታየ የኛስ?»

አራቱም ራጅ ተነሡ። ባለ አጥንቱማ ሦስት ጊዜ ነው የተነሣው፤ ሀብታሙ «ምራቅህን አትዋጥ!» ሲለው እየዋጠ ሥዕሉን እያንቀጠቀጠበት፣ በመጨረሻም አጥንቱ ከወጣ በኋላ መውጣቱ ይታይልኝ ብሎ። ለአንድ የቆሮሶ አጥንት ስድስት ራጅ! አንድ ትሪ ቀርበን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ብቻችንን አንበላም፣ ብቻችንን አንደነግጥም፣ ብቻችንንም ራጅ አንነሣም። ይህን የኢንጂነሩ ማስመሪያ ከየት ይወቀው?

በማግስቱ ሁለት ባጃጅ መጣ። ከዚያ ቆጠራውን ተውኩት። ሁለት የነበረው ቁጥር አራት ሆነ፤ አራቱ አምስት፣ ዓርብ ዓርብ ስድስት። ሀብታሙ በኮሪደሩ ሲያልፍ «ከእንግዲህ ዓሣ የሚባል በዚህ ሐይቅ የቀረ አይመስለኝም፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው ያለው» ይላል። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ቁጥሬን ተጠራጥሮ ስክሪኑን ራሱ አየ። ከዚያ ማስመሪያውን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። መስመሩ እንደ ፒያሳ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የታቦር ተራራን መውጣት ጀምሯል። ከአንገቱ ላይ አንድ ነገር ሲወርድለት አየሁ። አጥንት የወጣለት ሰው ይመስል ነበር።

አዲሱ ዲስክ፣ ወር ይፈጃል የተባለው ሁለት ወር ፈጅቶ፣ በመጋቢት መጨረሻ ደረሰ። ኢንጂነሩ አዘጋጅቶ አስቀመጠው። ሚያዝያ 1 ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስገባ ስክሪኑ ቀይ ነበር። ስልክ ደወልኩለት፤ በሕይወቴ ለወንድ ስልክ ስደውል የመጀመሪያዬ ነው። «ሞላ» ብዬ ዘጋሁት። በባጃጅ እንኳ በማይደረስበት ፍጥነት ደረሰ፣ አዲሱን አስገባ። ወንበር ላይ የተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ ምንም ሳያውቅ ተራው ደርሶት ገባ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዶክተሯ ሠራተኛውን ለምሳ ሰበሰቡንና ኢንጂነሩን አመሰገኑት። ያው የዋህ ነው አላልኳችሁም? ተነሥቶ «እኔ ሰኔ ነው ያልኩት። ቀኑን ያገኘችው ማርቲ ናት፣ ሰሌዳውን አጥፍታ ስትጽፍ ተሳስታ» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጠረጴዛው ሥር የምገባበት ቦታ ፈለግኩ። ዶክተሯ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ያኔ ነው ያን የተናገሩት፦ «የዚህች ልጅ የእጅ ጽሑፍ ስህተቱ እንኳ ከአንተ ስሌት ይሻላል!» ሀብታሙ ደግሞ «ማርቲዬ፣ በእግዚአብሔር፣ አንድ የሎተሪ ቁጥር ተሳስተሽ ጻፊልኝ» አለ። እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «ዛሬስ ምን ተሳሳትሽ?» ይለኛል። ካርድ ክፍል ያሉት «የማርታ ዕድል» ይሉኛል። ኢንጂነሩም ስለ አዲሱ ዲስክ መስመር ባሰመረ ቁጥር ማርከሩን ይሰጠኝና «እስቲ አንቺ ገልብጪው፣ ከተሳሳትሽም ግድ የለም» ብሎ ይስቃል። እኔም ጫማዬን እያየሁ አብሬ እስቃለሁ። ዕድለኛ መባል ደስ ይላል። ዕድለኛን ማንም «እንዴት አወቅሽ? ነይ አስረጂን» ብሎ ሰው ፊት አያቆማትም።

ለእናቴም አልነገርኳት፣ ለእሱም አልነገርኩት። ያን ዓርብ ኤሲው ያሸነፈኝ ጊዜ ያልኩት «ጾም ሲገባስ?» ነበር። ደግሜ ልለው አፈርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የነበረው ሰኔ 3 መሆኑን በደንብ አስታውስ ነበር። ጨርቁም አላመለጠኝም።